ገብረ ሥላሴን ለሁለት የቆረጠው ባዶ ቦታ

(ለወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎችና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። በሰሌዳው ላይ የተጻፉት ንድፎች እንዳሉ ገብተዋል።)

እንደምን ዋላችሁ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ከየመዝገብ ቤቱ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወጣት እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ እዚህ ወንበር አለ። በሰሌዳው ላይ የምጽፈው ጥቃቅን ምልክት ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ የዛሬው ነገራችን ደግሞ በሙሉ ያለው እዚያ ጥቃቅን ምልክት ውስጥ ነው።

ልጅ ሆኜ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ፊደል የቆጠርነው በስንደዶ ነው። ስንደዶዋን በቀኝ እጃችን ይዘን ከፊደል ወደ ፊደል እናስኬዳለን፤ ሁለት ነጥብ ላይ ስንደርስ እንቆማለን። አንድ ቀን እኔ ሁለት ነጥቡን አየሁና ቆምኩ፤ እንደገና አየሁና ቆምኩ፤ እየቆምኩ እየሄድኩ ገጹን ጨረስኩት። የኔታ አልተቆጡም። ስንደዶዋን ከእጄ ወስደው ወደ ገጹ አናት መለሱና፣ «ነጥቡ ላይ መቆሙንማ ችለሻል። ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለው ምን እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ» አሉኝ። አንድም ቃል አላስታወስኩም።

ያ ሁለት ነጥብ ይኸውና፦ ፡

በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ ቃልን ከቃል የሚለየው እርሱ ነው። ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች ዴሊሚተር ይሉታል፤ እኔ «መለያ» እለዋለሁ። ነጠላ ሰረዝ ቢሆን፣ ቀጥ ያለ ጭረት ቢሆን፣ እዝባር ቢሆን፣ ባዶ ቦታ ቢሆን ሥራው ያው ነው። ሁለት ነገሮች መካከል ቆሞ «ይህ እዚህ አበቃ» ይላል።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ ንድፍ ስትጽፉ በመለያዎቹ መካከል ያለውን ግለጹ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ምድብ አንድ ነገር ብቻ እንደሚይዝ ነው። ሦስተኛው ስለ ሰው ስም ነው። ብዙውን ሰዓት የምሰጠው ለሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱን ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

ለአዲሶቹ ሁለት ቃል ልበል። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ባለሙያው በአጭሩ ሬጀክስ የሚለው፣ የጽሑፍን ቅርጽ የሚገልጽ ንድፍ ነው። ሐሳቡ የተወለደው ከሒሳብ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሌይኒ እ.ኤ.አ. በ1951 የነርቭ ሴሎች መረብ ምን ዓይነት ነገር ለይቶ ማወቅ እንደሚችል ሲያጠና ደረሰበት፤ ጥናቱ በ1956 ታተመ። ዛሬ «ዜሮ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ» ለማለት የምናስቀምጣት ኮከብ እስከ አሁን የክሌይኒ ኮከብ ትባላለች። በ1968 ደግሞ ኬን ቶምፕሰን ያንን ሒሳብ ጽሑፍ መፈለጊያ አደረገው። ታሪኩ ይብቃን፤ ወደ ሰሌዳው እንሂድ።

ለዛሬ የምንሠራበትን መዝገብ ከሩጫ ወስጄዋለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሁሉም የኦሊምፒክ ወርቅ ነው።

አበበ ቢቂላ|1960|ሮም|ማራቶን
ማሞ ወልዴ|1968|ሜክሲኮ ሲቲ|ማራቶን
ምሩጽ ይፍጠር|1980|ሞስኮ|5000,10000
ደራርቱ ቱሉ|1992|ባርሴሎና|10000
ኃይሌ ገብረ ሥላሴ|1996|አትላንታ|10000
ቀነኒሳ በቀለ|2004|አቴንስ|10000

እያንዳንዱ መስመር አራት ክፍል አለው፦ ስም፣ ዓመት፣ ከተማ፣ ርቀት። መለያው ቀጥ ያለ ጭረት ነው። ይህንን መስመር በአራት ምድብ መከፋፈል እንፈልጋለን። በሬጀክስ ምድብ የሚሠራው በክብ ቅንፍ ነው፤ በቅንፉ ውስጥ የተገኘው ጽሑፍ ተለይቶ ይቀመጥልናል።

አሁን አንደኛው ነጥብ። ጀማሪ መጀመሪያ የሚጽፈው ምንድን ነው? ይህ ነው፦

^(.*)\|(.*)\|(.*)$

ፊት ላይ የቆመችው የጣሪያ ምልክት የመስመሩ መጀመሪያ፣ ጫፍ ላይ ያለችው የዶላር ምልክት የመስመሩ መጨረሻ ማለት ናቸው። ነጥብ «ማንኛውም ፊደል» ናት፤ ኮከቧ «የፈለገውን ያህል ጊዜ»። ከጭረቷ በፊት ያለችው ያጋደለች ሰረዝ ለምን መጣች? ቀጥ ያለችው ጭረት በሬጀክስ ቋንቋ ራሷን ችላ «ወይም» ማለት ስለሆነች ነው። ጭረቷን ያለ ያጋደለችው ሰረዝ ብቻዋን ብትጽፏት «ወይም ምንም፣ ወይም ምንም» ማለት ትሆናለች። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍን በባዶዋ ጭረት ከፋፍልልኝ ብትሉት እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ በጣጥሶ ይሰጣችኋል። በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን ያጣችሁ እዚህ ቤት ውስጥ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ።

ወደ ንድፉ እንመለስ። ጀማሪው ክፍሎቹን ሲቆጥር ተሳስቶ አራቱን ሦስት አድርጓቸዋል እንበል። ንድፉ «ተሳስተሃል» ይለው ይሆን? አይለውም። የአበበን መስመር ስንሰጠው የሚመልሰው ይህንን ነው፦ አንደኛ ምድብ «አበበ ቢቂላ|1960»፣ ሁለተኛ ምድብ «ሮም»፣ ሦስተኛ ምድብ «ማራቶን»። ልብ አድርጉ! ምንም የስህተት መልእክት የለም። ስሙ ዓመቱን ውጦ ዝም ብሏል። ነጥብና ኮከብ አንድ ላይ ሲሆኑ ስስታም ናቸው፤ እስከ ቻሉት ድረስ ይሰበስባሉ፤ መለያችንንም ጭምር ይበላሉ። «ማንኛውም ፊደል» ብለን ፈቅደንላቸው የለ?

አሁን በዚህ ተኩት፦

^([^|]*)\|([^|]*)\|([^|]*)\|([^|]*)$

በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የገባችው የጣሪያ ምልክት «ከዚህ በስተቀር» ማለት ናት። ስለዚህ እያንዳንዱ ምድብ የሚለው «ጭረት ያልሆነ ነገር ሁሉ» ነው። ልዩነቱ ታየን? የመጀመሪያው ንድፍ የሚያውቀው መቁረጫውን ብቻ ነበር። ይህኛው ግን ከጭረት እስከ ጭረት ያለው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያውቃል። የኔታ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። ክፍሎቹን ብትሳሳቱና ሦስት ምድብ ብቻ ብትጽፉ ደግሞ ይህ ንድፍ ጨርሶ አይገጥምም፤ እምቢ ይላል። እኔ እምቢ የሚለውን ንድፍ እወደዋለሁ። እምቢ ያለውን ዛሬውኑ አግኝቼ አርመዋለሁ፤ እሺ እያለ የሚሳሳተውን ግን የማገኘው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በኮከቧ ቦታ የመደመር ምልክት የምታስቀምጡ አላችሁ። የመደመር ምልክት «ቢያንስ አንድ» ናት። የአንዱ ሯጭ ከተማ ሳይጻፍ ቢቀርና ሁለት ጭረት ጎን ለጎን ቢቆሙ መስመሩ በሙሉ ይወድቃል። ይህ የምትፈልጉት ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን ባዶ ክፍልም ክፍል መሆኑን አትርሱ። በመዝገብ ላይ «አልተጻፈም» ማለት ራሱ መረጃ ነው፤ እናንተ የመዝገብ ቤት ሰዎች ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ። ይህ አጭር ነው፤ ነገር ግን ያላወቀ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። አንድ ትጉህ ሰው እንዲህ ያስባል፦ «አራት ጊዜ ከምጽፍ አንዴ ጽፌ ‹ደጋግመው› ብለውስ?» ሐሳቡ መልካም ነው። እንዲህም ይጽፋል፦

^([^|]*)(?:\|([^|]*))*$

በቅንፉ መጀመሪያ ላይ የጥያቄ ምልክትና ሁለት ነጠብጣብ ሲኖር «ሰብስብ፣ ነገር ግን አታስቀምጥ» ማለት ነው። የአበበን መስመር እንስጠው። ይገጥማል? ይገጥማል። አንደኛው ምድብ «አበበ ቢቂላ»። ሁለተኛው ምድብ «ማራቶን»። 1960 የት ገባ? ሮም የት ሄደች?

ምድብ አንድ ወንበር ነው። መጀመሪያ 1960 መጥቶ ተቀመጠ። ሮም ስትመጣ እርሱ ተነሳ። ማራቶን ሲመጣ ሮም ተነሳች። በመጨረሻ ስንመለከት ወንበሩ ላይ ያለው የመጨረሻው እንግዳ ብቻ ነው። ቅንፉን መቶ ጊዜ ቢደጋግመውም ወንበሩ ያው አንድ ነው፤ የወንበር ቁጥር የሚወሰነው በጻፋችሁት ቅንፍ ብዛት ነው። ከታወቁት የፕሮግራም መሣሪያዎች መካከል የማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት የተነሡትን እንግዶች ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ፓይተን፣ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕት ግን አያስቀምጡም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የክፍሎቹ ቁጥር የሚታወቅ ከሆነ፣ እንደ ሯጮቹ መዝገብ፣ አራቱንም በግልጽ ጻፉ። ቁጥሩ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ መስመሩን ሁሉ በአንድ ንድፍ ልያዝ አትበሉ፤ የአንዱን ክፍል ንድፍ ብቻ ጻፉና «ያለውን ሁሉ ፈልገህ አምጣ» በሉት። የምሩጽ ይፍጠርን መስመር ተመልከቱ፤ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ስላገኘ አራተኛው ክፍል ውስጥ ሌላ መለያ አለ፦ 5000,10000። እኔ ይህንን በሁለት እርምጃ ነው የምሠራው። መጀመሪያ በጭረት አራት ምድብ፤ ቀጥሎ አራተኛውን ብቻ ይዤ [^,]+ ብዬ ፍለጋ። ሁለቱን በአንድ ንድፍ ማጨቅ ይቻል ይሆናል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው ሰው ግን ያሳዝነኛል።

ለሚያነበው ሰው ካዘናችሁ አይቀር፣ ምድቦቹን ስም ስጧቸው፦

^(?<ስም>[^|]*)\|(?<ዓመት>[^|]*)\|(?<ከተማ>[^|]*)\|(?<ርቀት>[^|]*)$

አዎን፣ በግዕዝ ፊደል! ጃቫስክሪፕት ከ2018 ጀምሮ ይህንን ይቀበላል። ፓይተንም ይቀበላል፤ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ የላቲን ፒ ብቻ ይጨመርበታል። ጃቫ የላቲን ፊደል ካልሆነ እምቢ ይላል። «ምድብ ሦስት» ከማለት «ከተማ» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሌላ ሰው ሥራ የተረከበ ያውቀዋል።

ወደ ሦስተኛው ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ራሳችን ጽሑፍ መናገር አለብኝ፤ ይህንን ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ነገር ግን ብዙ መሣሪያዎች አሁንም እኛን እያሰቡ አልተሠሩም። በጃቫስክሪፕት «የቃል ፊደል ያልሆነ» የሚለውን ምልክት፣ ያጋደለች ሰረዝና ትልቁን የላቲን ደብሊው ማለቴ ነው፣ መለያ አድርጋችሁ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከፋፍሉ። ምን ታገኛላችሁ? ባዶ! ለእርሱ የቃል ፊደል ማለት የላቲን ፊደል፣ አሃዝና የታች ሰረዝ ብቻ ስለሆነ የእናንተን ቃል በሙሉ መለያ አድርጎ ጣለው።

«እንግዲያው የራሳችንን እንጻፍ» ብለው ይህንን የሚጽፉ ወጣቶች አሉ፦ [ሀ-ፐ]+። «ከሀ እስከ ፐ» ማለታቸው ነው፤ ፊደል ገበታችን እንደዚያ ስለሚነበብ። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ነው። ፐ ላይ ቁም ካላችሁት ፐ ላይ ይቆማል፤ ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕ፣ ፖ ውጭ ቀሩ። «ፖሊስ» የሚለው ቃል «ሊስ» ይሆናል። [ሀ-ፚ] ብላችሁ ጻፉ። ይህች የመጨረሻዋ ፊደል ብዙም አትታወቅም፤ ለዚህ ሥራ ግን ትጠቅማለች፤ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡ ከእርሷ በኋላ ስለሚመጡ በክልሉ ውስጥ አይገቡም።

ዓረፍተ ነገር መከፋፈልስ? አራት ነጥብ አለን፣ ቀላል ነው ትላላችሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት የተተየበ ማንኛውንም የአማርኛ ሰነድ ክፈቱ። አንዱ ጸሐፊ ። ብሏል። ሌላው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ ፡፡ አድርጎታል። ሦስተኛው ደግሞ የላቲኑን ነጠብጣብ ደርቦ :: አስቀምጧል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስቱም የማይተዋወቁ ናቸው። ስለዚህ መለያችን ይህ ይሆናል፦

(?:።|፡፡|::|፧|[?!])

እዚህ ላይ ያንን «አታስቀምጥ» የሚለውን አውጥታችሁ ተራ ቅንፍ ብታደርጉትና መከፋፈያ ውስጥ ብታስገቡት፣ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ምልክቱን ራሱንም በውጤቱ ውስጥ ይመልሱላችኋል። ጥያቄውን ከመግለጫው መለየት ለምትፈልጉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ደግሞ ስለ ቀን። 6/13/2015 ትክክለኛ ቀን ነው ወይስ አይደለም? ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነዋ! 2015 ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነው። ከውጭ የተቀዳ ንድፍ ግን ወርን እስከ 12 ብቻ ይቀበላል። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ቅጽ ሲሞላ «የተሳሳተ ቀን» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የወሩን ምድብ (0?[1-9]|1[0-3]) አድርጉት። አንዲት አሃዝ ናት የተቀየረችው፤ አንድ ወር ሙሉ ተመለሰ።

እሺ፣ ሦስተኛው።

ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የቆዩ የሰው መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ ነበር። በአሮጌው መዝገብ ሙሉ ስም በአንድ ዓምድ ተጽፏል። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ሦስት ዓምድ ይፈልጋል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። እኔም ባዶ ቦታውን መለያ አድርጌ መጀመሪያ የተገኙትን ሦስት ቁራጮች በሦስቱ ዓምዶች አስቀመጥኳቸው። አመሻሽ ላይ አስነሣሁት፤ ቡናዬን ሳልጨርስ አለቀ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ አባት መጡ። ጋቢ ለብሰዋል፤ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ወረቀት በአንድ እጃቸው፣ እኛ የሰጠናቸውን አዲስ ወረቀት በሌላው ይዘዋል። ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉና አዲሱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይህንን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎን አባቴ፣ ምን ሆነ?»

«ወልደ ብለሽ ትተሽኛል። የማን ልጅ?»

አልገባኝም። ስማቸው በወልደ የሚጀምር ባለ ሁለት ቃል ስም ነበር። ወልደ «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው፤ ብቻውን ሲቆም ያላለቀ ንግግር ነው። ጣታቸውን ወደ ሁለተኛው ዓምድ አንቀሳቀሱት። በዚያ የራሳቸው ስም ግማሽ የአባታቸው ስም ሆኖ ተቀምጧል። ወደ ሦስተኛው አንቀሳቀሱት፤ የአባታቸው ስም በአያት ቦታ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ዓምድ ስለሌለ አያታቸው የሉም።

«አባቴን አያቴ አደረግሽው። አያቴንስ ምን አደረግሽው?» አሉኝ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ ግን ያንን ጣት እስከ ዛሬ አያለሁ። ሮምን ያጣ ሰው መዝገቡን ከፍቶ ሮምን ያገኛታል። እኚህ አባት አሮጌዋን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ባያኖሩ ኖሮ አያታቸውን ከየት እናመጣላቸው ነበር?

በዚያው ሳምንት ንድፉን እንደገና ጻፍኩት። እባካችሁ አብራችሁኝ አስቡ፤ ባለ ሁለት ቃል ስምን ኮምፒውተር በምን ይለየዋል? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሰዋስው ነበር። ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ኃይለ፤ ሁሉም በግዕዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው ድምፅ ያልቃሉ፤ ቀጣዩን ቃል ስለሚጠብቁ። ብቻቸውን ሲቆሙ ግን ገብሬ፣ ወልዴ፣ ተክሌ፣ ኃይሌ ይሆናሉ። ሯጮቻችንን ተመልከቱ! ማሞ ወልዴ፤ ወልዴ ብሎ አበቃ፤ ሁለት ሰው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፤ ኃይሌ አበቃ፣ ገብረ ግን አላበቃም፣ ሥላሴን ይጠብቃል። ሦስት ቃል፣ ሁለት ሰው። እንዴት ያለ ውብ ሕግ ነው! «በመጀመሪያው ድምፅ የሚያልቅ ቃል ከቀጣዩ ጋር ይያያዝ» ብዬ ልጽፍ ስል ግን ቀነኒሳ በቀለ ትዝ አለኝ። በቀለ። በ ለ ያልቃል። አበበም በ በ ያልቃል። ከበደ በ ደ ያልቃል፣ ልክ እንደ ወልደ። ነገር ግን በቀለም ከበደም ግሥ ናቸው፤ ሙሉ ንግግር ናቸው፤ ማንንም አይጠብቁም። በሕጌ ብሄድ ኖሮ አበበ ቢቂላ አንድ ሰው ሊሆንብኝ ነበር። በከበደና በወልደ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀው አማርኛና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የፊደሉ ቅርጽ አይነግራችሁም። ስለዚህ ዝርዝር መጻፍ ግድ ሆነ፦

((?:(?:ገብረ|ወልደ|ወለተ|ተክለ|[ሀሃሐሓኀኃ]ይለ) )?[^ ]+)

ይህ የአንድ ሰው ስም ንድፍ ነው። «ከእነዚህ ቃላት አንዱና ባዶ ቦታ ካለ ያዝ፤ ከሌለም ግድ የለም፤ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ያልሆነውን ያዝ።» በኃይለ ላይ ያለችውን የማዕዘን ቅንፍ አያችኋት? አንዱ ጸሐፊ በብዙኃኑ ኀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ዝርዝሩ በእውነቱ ከዚህ ይረዝማል፤ ለሰሌዳ ብዬ አሳጠርኩት።

ይህንን ንድፍ በባዶ ቦታ እያያያዝኩ ሦስት ጊዜ ደገምኩትና አስነሣሁት። የእኚያ አባት ስም በትክክል ወጣ። ደስ አለኝ። ግን አሁንም ተሳስቼ ነበር።

የኃይሌን ስም ለዚህ ባለ ሦስት ምድብ ንድፍ ስጡት። የኃይሌ አያት በመዝገባችን የሉም፤ ሁለት ትውልድ ብቻ ነው የተጻፈው። ስለዚህ ንድፉ «አልገጠመም» ሊል ይገባዋል፣ አይደለም? የሚሆነውን ልንገራችሁ። ኃይሌን ያዘ። ገብረ ሥላሴን ያዘ። ሦስተኛ ሰው ፈለገ፣ የለም። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ። «ገብረን ካለ ያዝ፣ ከሌለም ግድ የለም ተብዬ ነበር፤ እንግዲያው ልልቀቀው» አለ። ገብረን ብቻውን ሁለተኛ ምድብ አደረገው፤ ሥላሴን ሦስተኛ። ገጠመ! ያ ሁሉ ዝርዝር፣ ያ ሁሉ ሰዋስው፣ በአንዲት የጥያቄ ምልክት ተፈታ። የሬጀክስ ሞተር እንዲህ ነው፤ መግጠም የሚቻልበትን መንገድ ሁሉ ሳይሞክር «አይሆንም» አይልም። በአያት ስም እጦት ምክንያት በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች እንደገና ተቆራርጠው አገኘኋቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ወረቀት ከመታተሙ በፊት ነበር።

መፍትሔው አንዲት የመደመር ምልክት ናት። ከጥያቄ ምልክቷ ቀጥሎ ?+ ብላችሁ ስትጽፉ «ከያዝክ አትልቀቅ» ማለት ነው። የምንሠራው በጃቫ ስለነበር ይህች ምልክት ነበረችን፤ ፓይተን በ2022 በወጣው 3.11 ተቀብሏታል፤ ጃቫስክሪፕት እስካሁን የለውም። አሁን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ለሦስት ምድብ ስትሰጡት አይገጥምም። እምቢ ይላል። እምቢ ያሉትን ስሞች ሁሉ በአንድ ፋይል ሰበሰብኳቸውና ከመዝገብ ቤት እናቶች ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ በዓይን አየናቸው። ሁለት ቀን ፈጀ። ገ/ሥላሴ ተብሎ በእዝባር ያጠረ፣ ገብረሥላሴ ተብሎ አንድ ላይ የተጻፈ፣ የሙስሊም አባቶች ባለ ሁለት ቃል ስም፣ ብርሃነ መስቀል፣ ፍቅረ ማርያም፤ ዝርዝሬ ያላሰባቸው ሁሉ እዚያ ተሰልፈው ጠበቁኝ።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ ሬጀክስ ስለማይሻገረው ድንበር በፍጥነት ልለፍ። በኮማ የተለዩ ፋይሎች፣ ሲኤስቪ የምንላቸው፣ በጥቅስ ውስጥ ኮማ መያዝ ይችላሉ፤ በጥቅስ ውስጥ ጥቅስ ሲያስፈልግ ደግሞ ደርበው ይጽፉታል። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰነድ ተጽፏል። ንድፉ ይኸውላችሁ፤ እንድታውቁት ያህል ነው፦

(?:^|,)("(?:[^"]|"")*"|[^,]*)

በሥራ ላይ ግን ለሲኤስቪ የተዘጋጀውን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን ዝግጁ ፕሮግራም፣ ተጠቀሙ። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ እስከ ማይታወቅ ጥልቀት የሚገባበትን ጽሑፍ ደግሞ በክሌይኒ ሒሳብ መያዝ አይቻልም፤ ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው፤ አትድከሙ።

ባዶ ቦታን መለያ ስታደርጉም ጊዜውን አስቡ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2016 ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች ገጽ ለ34 ደቂቃ ቆሞ ነበር። ምክንያቱ በመስመር ጫፍ ያለ ባዶ ቦታን የሚያጸዳ አንድ ንድፍ ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ 20,000 ያህል ባዶ ቦታ ተከታትሎ መጣ፤ ከበስተመጨረሻው ሌላ ፊደል ነበር። ሞተሩ ከመጀመሪያው ባዶ ቦታ ተነሥቶ 20,000 ቆጠረ፣ ጫፍ አይደለም። ከሁለተኛው ተነሥቶ 19,999 ቆጠረ፣ ጫፍ አይደለም። እንዲህ እያለ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ ቆጠራ ገባ። ከአንዲት ቀላል ጽዳት የተነሣ!

አሁን ሥራው የእናንተ ነው። በየኮምፒውተሮቻችሁ ላይ 40 መስመር ያለው ፋይል አስቀምጫለሁ። ስሞች፣ ቀኖች፣ ከተሞች አሉበት፤ መለያዎቹም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ንድፍ ከመጻፋችሁ በፊት አርባውንም መስመር በዓይናችሁ አንብቡ፤ አሥር ደቂቃ እሰጣችኋለሁ፣ ማንም ቁልፍ አይንካ። በሰባተኛው መስመር ላይ ያለው ስም በሰሌዳው ላይ በጻፍኩት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስንት ሰው እንደያዘ ጎን ለጎን ተመካከሩበት። የመዝገብ ቤት እናቶች፣ እናንተ ከወጣቶቹ መካከል ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ሰባተኛውን መስመር ማንበብ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ፤ እየዞርኩ እመጣለሁ።